ደራሲው ውኃው ላይ ረዘመብን

እኔ ጆሮ ጠቢ አይደለሁም፤ ግድግዳው ነው ቀጭኑ። ከቢቸና ተዛውሬ ሞጣ ለማስተማር ስመጣ የተከራየኋት ክፍል ከጋሽ ይማም ሱቅ ጀርባ ነበረች። በእኔና በእነሱ መሃል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ምርጊቱ በየቦታው ረግፎ ጭራሮው ይታያል። እዚያ ቤት ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራላችሁን ነገር አብዛኛውን ሳልፈልግ ነው የሰማሁት። ፈልጌ የሰማሁትም አለ፣ ምን ያስዋሸኛል።

ጋሽ ይማም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ የሴት ሻሽ፣ አልፎ አልፎም ከየት እንዳመጡት የማይናገሩት ፖሊስተር ይሸጣሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይኼ ሁለት እጥበት አይችልም» ካሉ አይችልም። ቁርአን በቃላቸው ይቀራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አንዱንም አይለዩም። መሠረተ ትምህርት የታወጀ ጊዜ ሱቁን ማን ይጠብቅልኝ ብለው ባለቤታቸውን ላኩና ተገላገሉ። ባለቤታቸው እትዬ ኸይራት ናቸው፣ ወሬዬም የእሳቸው ነው።

ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሀብቴ ይሉኛል፣ ስሜ የወንድ ይምሰል እንጂ ሴት ነኝ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሴቱ ሁሉ ቀኑን ሲለፋ ውሎ ይመጣና ገና «ሀ ሁ» ስል ያንቀላፋል፤ እትዬ ኸይራት ግን ፊት ወንበር ላይ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ዓይናቸውን ሰሌዳው ላይ ይተክላሉ። ያኔ አርባን አልፈዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ሙሐመድሁሴን፤ ሌሎቹን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። የምስክር ወረቀታቸውን የተቀበሉ ዕለት ጋሽ ይማም መስታወት አስገብተው ሱቁ ውስጥ ከአቡጀዲው በላይ ሰቀሉት። ሆኖም አስተማሪያቸው ስለሆንኩ አልደብቅም፣ ንባባቸው ንባብ አልነበረም። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር ያኖራሉ፣ መጀመሪያ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቀጥሎ ድምፅ ይወጣል፣ ከዚያ «አሃ» ይሉና ወደሚቀጥለው ቃል ይሄዳሉ። እሳቸው አንዲት ገጽ እስኪጨርሱ እኔ የአንድ ክፍል ደብተር አርሜ እነሣለሁ።

ሙሐመድሁሴን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ አባቱ «የኔ ዘንግ፣ እስቲ ያንን ጣቃ አውርድልኝ» እያሉ የሚቀልዱበት ልጅ። አጎቱ ቢቸና ሱቅ ስላላቸው ክረምት ክረምት እዚያ ሄዶ ይረዳል። ከዚያ ሲመለስ ነው ያንን መጽሐፍ ይዞ የመጣው። ሽፋን የለውም፤ ርእሱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ጠይቄ ያወቀልኝ አላገኘሁም። ይርጋነሽ የምትባል የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ሩቅ አገር ትዳራለች፣ ባሏ ክፉ ይሆንባታል፣ አንድ ቀን ትነሣና በእግሯ ወደ አባቷ አገር ትመለሳለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ይኸው ነው እላለሁ እንጂ በየመንገዱ የምታገኛቸውን ሰዎች ብነግራችሁ ቀኑ አይበቃንም። እኔ ሁለት ጊዜ አልቅሼበታለሁ፣ እኔ እንኳ እንባ አይቀናኝም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ያነብላቸው ነበር። እናቱ ጥጥ ይፈትላሉ፣ አባቱ ጨርቅ ያጣጥፋሉ፤ ገዢ ሲመጣ «ቆይ ወንድሜ፣ ሽፍቶቹ ጋ ደርሳለች» ይባልና እሱም ቆሞ ይሰማል።

መጽሐፉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ሙሐመድሁሴን ገበያ ቀን ላምባ ሊገዛ በወጣበት ታፈሰ። እንዴት እንደነበረ ያን ጊዜ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ አሁን አልገባበትም። ጋሽ ይማም ደብረ ማርቆስ ድረስ ተከትለው ሄደው ልብሱን እንኳ ሳያቀብሉት ተመለሱ። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ደህና ነኝ፣ አታስቡ፣ መጽሐፉን እናቴ ትጨርሰውና ስመጣ ትነግረኛለች ይላል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ፣ ወሬውም በዚያው ቆመ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ሞጣ የሚገባው ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። ልጁ ከሄደ ወዲህ ጋሽ ይማም ያ ሰዓት ሲደርስ እጃቸው ሥራ እምቢ ይላል። ገዢ ፊታቸው ቆሞ እያለ ሜትሩን ጥለው ይወጡና መንገዱ ዳር ይቆማሉ። የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያሉ፤ የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላም ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ አይነቃነቁም። ከዚያ ሲመለሱ አካሄዳቸውን በግድግዳ እሰማው ነበር። እትዬ ኸይራት ይኼን አይተው ነው መጽሐፉን ያነሡት። ልክ በአውቶቡሱ ሰዓት በር ላይ ይቀመጡና ከልጁ የቀረውን በጣታቸው እየለቀሙ ማንበብ ጀመሩ። ጋሽ ይማም የመጀመሪያ ቀን ቆመው ሰሙ፣ ሁለተኛ ቀን ተቀመጡ፣ ከዚያ አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፍቶ ሲያልፍ ቀና እንኳ የማይሉበት ቀን መጣ።

ምን ያደርጋል፣ መጽሐፍ ያልቃል። ከዓመት በላይ ነው የወሰደባቸው፤ ይርጋነሽ በመጨረሻ አባቷ ደጅ ደረሰች፣ ገባች፣ አለቀ። ጋሽ ይማም «በቃ?» ሲሉ ሰማኋቸው። እትዬ ኸይራት ገጹን ገልብጠው ጀርባውን አዩት መሰለኝ፣ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። በቃ አሉ። በማግሥቱ ጋሽ ይማም ሜትራቸውን ጥለው መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው።

እኔ ደግሞ ምን ችግር አለ ብዬ ያለኝን መጽሐፍ ተሸክሜ ገባሁ። አስተማሪ አይደለሁ፣ መጽሐፍ ማለት የኔ ጉዳይ ነው። አንደኛው የውጭ አገር መርማሪ ሽጉጥ ታጥቆ የሚሮጥበት ነበር፤ እትዬ ኸይራት ጥቂት ሄዱበትና ይኼ ሰውዬ እናት የለውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ከሩቅ አገር የተተረጎመ፣ ስለ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ የሚያወራ፣ ጡብ የሚያህል ነገር ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከገጽ እስከ ገጽ ይሰበሰባል፤ እኛ ስብሰባ አነሰን እንዴ አሉ ጋሽ ይማም። ሦስተኛው የፍቅር ነበር፤ ልጅቷ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ታለቅሳለች፤ ምን ደርሶባት ነው አሉኝ ሁለቱም። በየመሃሉ ጋሽ ይማም ሹልክ ይሉና ወደ አውቶቡሱ ይሄዳሉ። በስተመጨረሻው ተናደድኩ። ትናንት ፊደል ያስቆጠርኳቸው ሰዎች መጽሐፍ ሲያማርጡብኝ አያናድድም? ግን እውነቱ፣ እኔም ብሆን ከይርጋነሽ ወዲህ ያነሣሁትን ሁሉ ግማሽ ላይ እየተውኩት ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ኸይራት ክፍሌ ድረስ መጡ። መጥተው አያውቁም። ወንበር ሰጥቻቸው ከመቀመጣቸው በፊት መደገፊያውን በእጃቸው ፈለጉት። ዓይናቸውን ጉም እየሸፈነው እንደሆነ፣ ከዳር ጀምሮ እየጠበበ እንደሚመጣ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ድሬሰሩ ቅባት ሰጥቷቸው ይኼ የውስጥ ነው፣ አዲስ አበባ ይሂዱ እንዳላቸው ነገሩኝ። እሄዳለሁ ብዬ አላስብም አሉ፤ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ልጄ ቢመጣስ? ለጋሽ ይማም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ አንድ ኀዘን የተሸከመ ሰው ላይ ሌላ አይጫንም አሉ።

«ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ብቻ ፈልጊልኝ፣ ሀብቴ» አሉኝ። «እንደ ይርጋነሽ ያለ። እሱን የሚያስቀምጥ።»

አንጀቴን በሉት። ያልጠየቅሁት ሰው የለም። መምህራኑን፣ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ፣ ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዬን ሳይቀር አስቸገርኩ። ሁሉም «ጥሩ መጽሐፍ» ብሎ ይሰጠኛል፤ እኔ ሁለት ገጽ አነብና እትዬ ኸይራት ምን እንደሚሉ ቀድሞ ይሰማኛል። የእሳቸው ዓይን በየቀኑ እየጠበበ እኔ የማንም ያልሆነ ወረቀት አገላብጣለሁ። እንዲህ ስል በሰባ ስምንት መንደር ምሥረታ መጣና መምህራን ለዘመቻ ተባልን። ወደ ጉንደ ወይን በኩል፣ ወደ ቆላው አፋፍ ላኩኝ፤ የሰው ጎጆ ሲፈርስ ቆሜ ስመዘግብ ወራት አለፉ። ባዶ እጄን ነው ከሞጣ የወጣሁት።

የቀረውን ጋሽ ይማም ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ፣ በኩራት። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሚስታቸው ዝም ዝም ስላሉባቸው የመጽሐፉን ነገር በራሳቸው ያዙት። ያኛው ከቢቸና ነው የመጣው፣ አንዱ ጣቃ ከወጣበት መጋዘን እኅቱ አትጠፋም ብለው በጭነት መኪና ቢቸና ወረዱ። ገበያው ዳር ፋንታ የሚባል ሰው ከመርፌና ከፋኖስ ክር ጋር ያረጀ መጽሐፍ ማዳበሪያ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። ማንበብ አልችልም፣ የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ ነበር። አልጠየቁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሻጭን ስለ ዕቃው ጠይቄ አላውቅም፣ ወላሂ ለመጽሐፍ ብዬ አልጀምርም አሉኝ። ቁጢጥ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደ ጨርቅ በሁለት ጣታቸው የመጻሕፍቱን ጠርዝ መዳሰስ ጀመሩ።

«አንዱ ጠርዙ ልስልስ፣ ንጹሕ፤ ማንም አልከፈተውም፣ ተውኩት» አሉኝ። «አንዱ ፊቱ የቆሸሸ፣ ኋላው ንጹሕ፤ ጀምረው ጀምረው ጥለውታል። አንዱ ግን ከራስ እስከ እግሩ የሰው እጅ የበላው! ማዕዘኑ ተልጦ ክብ ሆኗል። ሽፋኑ አልቆ አንዱ በካርቶን ሰፍቶታል፣ ልክ እንደዚያኛው። ሕዝብ በንባብ ያለቀበት መጽሐፍ ነው፣ ሀብቴ። ፋንታ ዋጋ ሲጠራ አልተከራከርኩም።»

እኔ ከዘመቻ ስመለስ የሰማሁት የዚያን መጽሐፍ ንባብ ነው። አቧራዬን ሳላራግፍ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነበር፤ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ነው። በግድግዳው የእትዬ ኸይራት ድምፅ መጣ፣ ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ያ «አሃ» የለ፣ ያ መንተባተብ የለ፣ ቃሉ እየተከታተለ ይወርዳል። ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። ጌታዬ ሆይ፣ ዓይናቸው ተመለሰ ብዬ አማተብኩ። ጊዮርጊስ ስለት ሳልሳልለት እንዲህ ካደረገ ብሳልለትማ ኖሮ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሰላም ልላቸው ስገባም እትዬ ኸይራት በር ላይ፣ ብርሃኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አቅፈው ሳሙኝ፤ ስለ ዓይናቸው በምልክት ልጠይቃቸው ሞከርኩ፣ ፊታቸውን ወደ መጽሐፉ መለሱት። ጋሽ ይማም ፊት ነውና ተውኩት።

ጋሽ ይማም ደስታቸው ሌላ ነው። ሰውን አንባቢ የሚያደርገው መጽሐፉ ነው፣ የኔይቱ አንደበቷ በዚህኛው እንዴት እንደተፈታ አየሽ ወይ ይሉኛል። አውቶቡሱ መጥቶ ይሄዳል፣ እሳቸው ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልተነሡም።

ታሪኩም ታሪክ ነበር። ውበቴ የምትባል የማር ነጋዴ ናት። በድሮ ንጉሥ ዘመን አንድ ጦር በአገሯ ሲያልፍ አንድ ልጇን ለዕቃ ተሸካሚነት ይወስድባታል። ማሯን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የጦሩን ዱካ ተከትላ ትወጣለች። ጦሩ ካደረበት ስትደርስ አመዱ ሞቅ እንዳለ ታገኘዋለች፤ ሁልጊዜ ከአንድ ማደሪያ በኋላ ናት። አንዲት ሴት ልጅሽን አይቼዋለሁ፣ ቁመቱ ከሁሉ ይበልጣል ትላታለች፤ ሌላዋ አላየሁም ትላታለች፤ ውበቴ ያላየችውንም ሴት አመስግና ትሄዳለች። ይኼን ስሰማ የያዝኩት ቀይ እስክሪብቶ እጄ ላይ ቀረ። ይኼን ማን ጻፈው? ስንት መጽሐፍ አገላብጬ ሳጣ ጋሽ ይማም በጣታቸው ዳስሰው አገኙት ማለት ነው? ቅናት እንዳይመስልባችሁ እንጂ ቅናት ነበር። አውሱኝ ብል ጋሽ ይማም ሳይጨርሱ አይሰጡም። ስለዚህ በየቀኑ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ሦስተኛ ሰሚ ሆንኩ። ልጁ ማን እንደሆነ ደግሞ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አናነሣውም።

እንዲህ ስንል ውበቴ ዓባይ ደረሰች። ጦሩ ተሻግሯል፣ ክረምቱ ገብቷል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ያን ጊዜ ድልድይ የሚባል የለም። እሷ በዚህ ዳር ተቀመጠች። በማግሥቱ ስሰማ እዚያው ናት። በሦስተኛውም እዚያው። ድንጋዩ ይነገራል፣ ጎርፉ ያመጣው ግንድ ይነገራል፣ ማዶ የሚታየው ጭስ ይነገራል፣ መሻገር የለም። ሳምንቱ አለፈ። ጋሽ ይማም ቅሬታ ጀመሩ፤ ውጭ ሲያገኙኝ ደራሲው ውኃው ላይ ረዘመብን፣ እናንተ የተማራችሁት እንዲህ ናችሁ አሉኝ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል። ቢሆንም ሳይጠይቁ አያድሩም፤ አግኝታው ይሆን ይላሉ። ታገኘዋለች አይደል ይላሉ። እትዬ ኸይራት ገና ነው ይሏቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይማም ለዐስር ሶላት እንደወጡ ግድግዳው ተመታ፤ እትዬ ኸይራት ናቸው፣ ይጠሩኛል። ስገባ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። በሩን ገርበብ አድርጊው አሉኝ። ገርበብ አደረግሁ፣ ቤቱ ጨለመ፣ እሳቸው ግን መጽሐፉን እንደያዙ ናቸው። ያኔ ነው የገባኝ፤ መብራት ቢኖር ባይኖር ለእሳቸው አንድ ነው።

ዓይናቸው ጨርሶ የጠፋው እኔ ከሄድኩ ብዙም ሳይቆይ እንደሆነ ነገሩኝ። ቤቱን በእጃቸው ስለሚያውቁት ጋሽ ይማም አላወቁባቸውም። መጽሐፉን ይዘው ከቢቸና የገቡ ዕለት፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ «አገኘሁት» ብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። አይ የማይሉት ሆነባቸው። ለዛሬ ብቻ፣ ሀብቴ እስክትመጣ ብለው ታሪኩን ከልባቸው እየፈጠሩ ጀመሩ። እኔ ቀረሁ፤ ወራት ሄደ፤ ውበቴም ሄደች።

«አሁን ዓባይ ላይ አድርሻት ቀረሁ» አሉኝ። «ቀን ቀን አስባለሁ፣ አልሆነልኝም። ልጁን ሞቷል ብል አንደበቴ አይታዘዘኝም። አገኘችው ብል፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ስለዚህ የራሴን አፈርሰዋለሁ። አንቺ እውነተኛውን አንብቢልኝ። ደራሲው ያውቃል፤ ያውቃል እንጂ ባያውቅ አይጽፍም። የሱ ሰዎች ሌላ ቢሆኑም ግዴለም፣ እንደምንም አጋጥመዋለሁ። ጥሩ መጽሐፍ ነው አይደል? ሕዝብ ያለቀበት ነው ብሏል።»

መጽሐፉን ተቀብዬ ወደ በሩ ስንጥቅ ብርሃን ተጠጋሁ። ካርቶኑን ገለጥኩ። «የምርት ግንኙነቶች» ይላል። ወደ መሃል ገለበጥኩ፤ «ትርፍ እሴት» ይላል። ከየአንቀጹ ሥር በቀይና በሰማያዊ ተሰምሯል፣ ዳር ዳሩ ላይ «ለሐሙስ» «ለሐሙስ» ተብሎ ተጽፏል። ወይ አበሳዬ! የማርክሲዝም የውይይት ክበብ መጽሐፍ። ሠራተኛው ሁሉ በየሐሙሱ እየተጠራ፣ ተራ በተራ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ እየታዘዘ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያገላበጠው፣ አልቆ ሲያበቃ እንደገና የተጀመረለት መጽሐፍ። ቢቸና ሳስተምር እኔም እንደዚህ ያለውን አገላብጫለሁ። ያንን ጠርዝ ካጠቆሩት ጣቶች አንዱ የእኔ ይሆናል።

እትዬ ኸይራት ይጠብቃሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራዬ አድርገው ይጠብቃሉ። እኔ ሰው «አፏ አያርፍም» የሚለኝ፣ ከራሴ አውጥቼ ልንገራቸው ብዬ አሰብኩ፤ አንዲት ቃል አልመጣልኝም። እሳቸው ወራት የሄዱበትን መንገድ እኔ የተማርኩት አንድ እርምጃ አልቻልኩበትም።

«አንብቢው እንጂ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ልብ ወለድ አይደለም» አልኳቸው። «የውይይት ክበብ ነው። ስለ ምርት ነው የሚያወራው።»

«ሰው የለበትም?»

«የለበትም።»

እጃቸውን ዘረጉ፣ መጽሐፉን መለስኩላቸው። ካርቶኑን በመዳፋቸው አንዴ፣ ሁለቴ አሹት።

«እንግዲያ የልጁን ነገር የሚያውቅ የለም ማለት ነው» አሉ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ታግኘው በቃ እትዬ፣ ማን ይከለክልዎታል፣ ያሻግሯትና ያገናኟቸው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ባገናኛቸው ባሌ ነገ ተነሥቶ አውቶቡሱ ጋ ይቆማል አሉ፤ እንዳገኘችው ሲሰማ ተስፋው ይነሣበታል፣ እንደገና ከሰው ሁሉ ኋላ እየቆመ ይመለሳል። ልጁ ቢሞት ደግሞ ይኼ ቤት ለቅሶ ቤት ነው፣ ሬሳ የሌለው ለቅሶ። ዝም ብዬ ብተወውም መጽሐፉ አለቀ ማለት ነው፣ ያው አውቶቡስ። ይኼን ሁሉ ቀድመው አስበውት ኖሯል። የቀራቸው ወንዙ ብቻ ነው፤ እሱንም ጋሽ ይማም ሰልችተውታል።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ይማም ገቡ፤ እግራቸው ከውዱው ትጥበት ገና አልደረቀም። እኔን ሲያዩ ደስ አላቸው። አሃ፣ ትዕግሥትሽ አልቆ ልትሰርቂን መጣሽ ብለው ሳቁብኝና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ እንደ ምሥጢር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስቲ አንቺ ፈጣን ነሽ፣ መጨረሻውን ገልጠሽ እዪልኝ። ሁሉንም አትንገሪኝ። ታገኘዋለች ወይስ አታገኘውም? ራስሽን ነቅንቂልኝ ብቻ።»

መጽሐፉን ከሚስታቸው ጭን አንሥተው ሰጡኝ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩት፤ «የመወያያ ጥያቄዎች» ይላል። ጋሽ ይማም ዓይኔን ሳይሆን አንገቴን ነው የሚያዩት። አንገቴ ወደየትም አልሄደልኝም። ውጭ አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ።

«አምጪው፣ ሀብቴ» አሉ እትዬ ኸይራት፤ እጃቸው አየር ላይ ፈለገኝ፣ እኔ ወደ እጃቸው አስጠጋሁት። «በተራው ይነበባል።»

መሃሉ ላይ ከፈቱት፣ ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውኃው ገና አልጎደለም» አሉ፣ እንደሚያነቡ።

ጋሽ ይማም ረዘም አድርገው ተነፈሱ። ወደ መንገዱ አንዴ አዩ፤ ሰው እየወረደ ነው። ይነሣሉ ብዬ ነበር። ከጎናቸው ያለውን አቡጀዲ ስበው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጠሙ።

«እንጠብቃታለና» አሉ፣ «ምን ሥራ አለን።»